ሽማግሌ የላከችው ትንሽ ቤት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቤቶች ሰው አጥተው ሲንከራተቱ አየሁ። በእውኑ ዓለም ቤት አጥቶ የሚንከራተተው ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እኔም ከተንከራታቾቹ አንዱ ነኝ። ስሜ ኢዮስያስ ነው። ሥራዬ አርክቴክትነት ነው፤ ሰው የሚኖርበትን ቤት ስነድፍ እውልና ማታ የምገባው አከራዬ እትዬ አሰገደች ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት የሰርቪስ ክፍል ነው። አርክቴክት ሆኖ ሰርቪስ ቤት መኖር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ይዤው የተኛሁትን ጭንቀት ልንገራችሁ። ርብቃን ማግባት እፈልጋለሁ። ርብቃም ልታገባኝ ትፈልጋለች። አባቷ አቶ ደምሰው ግን «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ልጄን የምታስገባበትን ቤት በዓይኔ ልይ» አሉና ለዛሬ፣ ለእሑድ ጠዋት ሊመጡ ቀጠሩኝ። ቤት የለኝም። ያለኝ ፕላን ነው። ለአንድ የወጣቶች የቤት ማኅበር የነደፍኩት፣ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ከተጨመቀ የአፈር ጡብ የሚሠራ፣ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅምና በፀሐይ የሚበራ ትንሽ ቤት ነው። ማኅበሩ መሬቱን አግኝቷል፤ የመጀመሪያዋም ቤት ለእኔና ለርብቃ ትሁን ተብሏል። ፕላኑን ዘርግቼ ላሳያቸው አሰብኩ። አቶ ደምሰው ወረቀት አይተው ልጃቸውን የሚሰጡ ሰው አለመሆናቸውንም አሰብኩ። እንዲህ እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከግቢ ስወጣ መንገዱ በቤት ተጨናንቋል። ቤት ስል በቦታው የቆመ ቤት አይደለም፤ የሚሄድ ቤት ነው። ቪላው፣ ጂ ፕላስ ቱው፣ አጥር ያለውም የሌለውም መሠረቱን ከመሬት ነቅሎ አስፋልቱን ይሻገራል። ትራፊክ ፖሊሱ ሰዉን በእጁ አቁሞ አንዲት ባለ በረንዳ ቤት ከነአበባ መደቧ እስክታልፍ ይጠብቃል። የመብራት ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቆሜ አነበብኩት።

«ባለ ሁለት መኝታ ነኝ። ሰው እፈልጋለሁ። ልጆች ያሉት፣ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ግድግዳ ላይ ምስማር የሚመታ ይመረጣል። ደላላ እንዳይደውል።»

እሱን አንብቤ ሳልጨርስ ደላላው ሙዘይን ከኋላዬ ጠራኝ። ሙዘይን በእውን ቤት ሊያሳየኝ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ሲያዞረኝ የከረመ ሰው ነው። ያሳየኝ ቤት ሁሉ ወይ ተይዟል፣ ወይ ባለቤቱ ሐሳቡን ቀይሯል። በሕልሜ ግን አንዲት ቪላ በውኃ ቱቦዋ ይዞ እየጎተተ መጣ።

«ኢዮስ! ይቺን እያት እስቲ። ሰው ሳይገባባት ከርማ ከፍቷታል።»

«ቤት አልፈልግም» አልኩት። ከአፌ መውጣቱ ለራሴም ገረመኝ።

«አንተማ መፈለግ የለብህም፤ እሷ ናት የፈለገችህ። ሳሎኗን ብቻ እያት፤ ካልወደድካት ሌላ አመጣልሃለሁ።»

ቪላዋ አፍራ መጋረጃዋን ዘጋች። እኔም ኮራ ብዬ «እስቲ አስብበታለሁ» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደላላ ፊት «አስብበታለሁ» ያልኩት በዚህ ሕልም ነው፤ ቢቻለኝ ኖሮ ሕልሙን እዚያው ላይ ባቆምኩት።

ከዚያ እትዬ አሰገደች እጃቸውን አጣምረው መጡ። በእውን እትዬ አሰገደች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፍቱም። ልብስ ሳጥብ ከባልዲው ራስ ላይ አይጠፉም። እንግዳ ሲመጣብኝ ደግሞ እስኪሄድ ድረስ በረንዳቸው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በሕልሜ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣ ምን አስቀይሜህ ነው ትናንት በጊዜ የገባኸው?»

«ኧረ ምንም አላስቀየሙኝም እትዬ፤ ደክሞኝ ነው።»

«ጎልማሳ ሰው ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል? ጎረቤት ምን ይለኛል? ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ግባልኝ። በሩን በእርግጫ በለው፤ እኔ ተነሥቼ ስከፍትልህ ደስ ይለኛል። ውኃውንም ክፈተውና ተወው፤ ይፍሰስ። ደግሞ ልብስ ካጠብክ ስንት ቀንህ? እኔ ባልዲ ሳላይ ስውል ምን እንደሚሰማኝ ታውቃለህ?»

«አጥባለሁ እትዬ። ዛሬውኑ አጥባለሁ።»

«እንግዳም አታመጣም። እንዲህ ከሆነ ግቢውን ለቅቄልህ እናቴ ጋ ነው የምሄደው።»

ይኼን ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አንጀቴን በሉት። ከኔ ሌላ ሰው የሌላቸው መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስኩ፤ በእውን ግን አስቤው አላውቅም።

ላባብላቸው እጄን ስዘረጋ እጄ የመስኮት ክፍተት ውስጥ ገባ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ከመስኮቱ በስተጀርባ ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኛ ባለጉዳዮች ነን። ከውጭ ፀሐይ ላይ የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው። ኃላፊው ከረባቱን አስሮ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ቆሟል፤ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው አየኝ።

«ጌታዬ፣ ላገለግልዎ ነበር የመጣሁት።»

«ሲስተም የለም» አልኩት።

«መቼ ልመለስ?»

«ነገ ሞክር። ነገ ግን ስብሰባ ላይ ነን።»

«ባለፈው ሳምንትም ነገ ብለውኝ ነበር እኮ። ለማገልገል ከሩቅ ነው የመጣሁት፤ ልጆቼን ጥዬ...»

አሳዘነኝ፤ ግን ሻዬ እየቀዘቀዘ ነበር። መስኮቱን ዘጋሁበት። ክፋቴን ላልደብቃችሁ፤ ደስ ብሎኛል። ከሰልፉ መሐል አንዲት ጸሐፊ «እናንተ ባለጉዳዮች እኮ ሰው አትወዱም!» ስትል ሰማኋት፤ ሻዬን ፉት አልኩ።

ወዲያው ርብቃ በመስኮቱ በኩል ብቅ አለች። ፀጉሯን በችኮላ ጠቅልላ ስልኳን እንደያዘች ነው የመጣችው።

«ኢዮስ፣ አባባ ቤት ሽማግሌ መጥቷል።»

«የማን ሽማግሌ?»

«ቤት ናት አሉ የላከቻቸው። እኔና አንተን ነው የጠየቀችው። ቶሎ ና፤ አባባ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።»

ሚኒባስ ታክሲ አቆምን። ወንበሩን ሁሉ ቤት ይዞታል። ሰው ጣሪያው ላይ፣ ዕቃ የሚታሰርበት ፖርቶመጋላ ላይ ነው የሚጫነው። እኔና ርብቃ እላይ ወጥተን ከሁለት ፍራሽና ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ታሰርን። ከታች አንዲት ሱቅ መስኮት ዳር ተቀምጣ «ወራጅ አለ!» ትላለች፤ ስትወርድ መደርደሪያዋ እየተንቀጫቀጨ ነው።

መንገድ ላይ አንድ ረጅም የመስታወት ሕንፃ አየን። እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ታክሲው መብራት ይዞት ቆሞ ስለነበር ርብቃ ከላይ ሆና «ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለችው።

«ከተሠራሁ ጀምሮ ማንም አድሮብኝ አያውቅም» አላት። «ቀን ቀን ይመጣሉ፣ ማታ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ሽንኩርት ሸቶኝ አያውቅም፤ ታምኚያለሽ? አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ምስር ወጥ ቢሠራብኝ።»

«አይዞህ፤ ይመጣልሃል» አለችው። የማታውቀውን ሰው፣ እንዲያውም ሕንፃ፣ እንዲህ አዝና ስታጽናና ሳይ ርብቃን ለምን እንደምወዳት ትዝ አለኝ። ቃላት ፈልጌ ልነግራት ስል ታክሲው ነቀነቀንና ምላሴን ነከስኩ።

አቶ ደምሰው ሳሎን ስንደርስ ጣሪያው ተነሥቷል። ሽማግሌዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ነው። ሦስት ናቸው። አንደኛው የሰፈሩ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፤ የዛገ ቆርቆሮውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ በየመሐሉ ያስላል፣ ሲያስል ልስኑ ይራገፋል። ሁለተኛው ከፒያሳ የመጣ ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ነው። እሱ ከዘራ ይዟል፤ ንግግሩም እንደ ድሮ ሰው ረጋ ያለ ነው። ሦስተኛው በዕድሜ ልጅ የሆነ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አካላቱ ሁሉ በዲሽ ተሸፍኗል። ልብሱን ሳያስገባ በየበረንዳው እንዳሰጣው ነው የመጣው።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ደምሰው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ልማዳቸው አልነበረም።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ የጭቃው ቤት።

ኮንዶሚኒየሙ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ «ባይቀመጥ ይሻላል፤ ከተቀመጠ አይነሣም» አለኝ።

የፒያሳው ቤት በከዘራው መሬቱን ቆርቆር አደረገና ጀመረ። «ክቡር አቶ ደምሰው፣ ልጃችን አድጋለች፤ ደርሳለች። ጨዋ ናት፤ ያሳደግናትም በሥርዓት ነው። እንግዲህ ርብቃንና ኢዮስያስን ነዋሪ አድርጋችሁ ለልጃችን እንድትሰጡን ነው ደጃችሁ የቆምነው።»

ልጃቸው ከኋላቸው ተደብቃ ቆማለች። እኔ የነደፍኳት ቤት ነበረች። በደንብ አወቅኳት። ቀዩን የአፈር ጡቧን፣ ጣሪያዋ ላይ ጋደል ብሎ የተቀመጠውን የፀሐይ መብራቷን፣ ከጎኗ ያለውን የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዋን፣ ሁሉንም አወቅኩት። ስንት ጊዜ አጥፍቼ ስንት ጊዜ የሣልኳት ናት። ቆማ ሳያት ልቤ ሞቀ፤ ርብቃም ክንዴን ይዛ «ኢዮስ፣ እንዴት ታምራለች!» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ብሞትም አይቆጨኝም ነበር።

አቶ ደምሰው መነጽራቸውን አደረጉ። ሴት ልጅ የሚሰጥ አባት የሚጠይቀውን ሁሉ መጠየቅ ጀመሩ።

«ልጅቷ ምን ትሠራለች?»

«ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ትይዛለች» አለ የፒያሳው ቤት። «ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ እሷ ዘንድ ውኃ አይጠፋም።»

«መብራትስ?»

«ከፀሐይ ነው የምትበላው። እኛ ስንጨልም እሷ ታበራለች» አለ ኮንዶሚኒየሙ። ትንሽ ቅናት ነበረበት።

«አመሏስ?»

«ግድግዳዋ አፈር ነው፤ የኔው ዘር ናት» አለ የጭቃው ቤት በኩራት። «በብርዱ ትሞቃለች፤ በሙቀቱ ትቀዘቅዛለች። አትጯጯህም።»

አቶ ደምሰው ከላይ እስከታች አዩዋት። «ቁመቷ አጠረብኝ።»

«ቁመት ምን ያደርጋል ጌታዬ!» አለ ኮንዶሚኒየሙ። «እኔን አያዩኝም? ረጅም ነኝ፤ ውኃ አራተኛ ፎቄ ድረስ ሳትወጣ ዓመት በዓል ያልፋል።»

ሁሉም ሳቀ። አቶ ደምሰውም ፈገግ አሉ። ነገሩ ሊያልቅልን ነው ብዬ የርብቃን እጅ ጨበጥኩ። አቶ ደምሰው መነጽራቸውን አወለቁ።

«መልካም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እንዲያው ክፉ አይንካችሁና፣ ሰው ቢሞትብን ለቅሶ የሚደርሰው የት ይቀመጣል?»

የጭቃው ቤት ሳለ፤ አንድ የልስን ቁራጭ ጫማዬ ላይ ወደቀ። የፒያሳው ቤት ከዘራውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«እንግዳ ሲመጣ...» አልኩ። «እንግዳ ሲመጣ ውጭ መገናኘት ይቻላል። አሁን በየመንገዱ ካፌ አለ።»

«ለቅሶ ካፌ?» አሉ አቶ ደምሰው።

«ማኪያቶ ይዞ ደረት ሊመታ ነው!» አለ የጭቃው ቤት።

ፕላኑን ስሠራ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ነው ያስቀመጥኩበት። ከውጭ የሚመጡት የጥቃቅን ቤቶች ንድፎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ መስኮቱ ላይ አንዲት ድመት። እኔም እንደዚያው ሣልኩ። ለድመቷ መተኛ ሳይቀር አስቤላታለሁ። እናቴን ግን አላሰብኳትም። እናቴ ከሞጣ ስትመጣ የት እንደምታድር አንድም ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም። እናቴ ደግሞ ለሁለት ቀን መጥታ ሁለት ወር የምትቆይ ሴት ናት።

ትንሿ ቤት ማልቀስ ጀመረች። እንባዋ የሚወርደው ከዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዋ ስለነበር የሳሎኑ ምንጣፍ ራሰ።

«እሱ ነው እንዲህ የሠራኝ» አለች። «አልጋዬ ግድግዳ ውስጥ ይታጠፋል። ጠረጴዛዬ ይታጠፋል። ደረጃዬ መሳቢያ ነው። የሌለ ነገር እስኪመስል የማይታጠፍ ነገር የለኝም። ሰው በሬ ላይ ቆሞ ‹ቤቶች!› ሲል ምኔን አጥፌ ላስቀምጠው? ቤት አይደለሁም ወይ እኔ?»

ርብቃ ሄዳ ግድግዳዋን ደባበሰችላት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ መሬቷም በትሕትና «ፈቃድ የለኝም» አለችኝ።

«እንሞክራት እንጂ» አሉ አቶ ደምሰው። «ሳትሞከር አትፈረድም። ግቡ!»

ዘመድ መግባት ጀመረ። የማን ዘመድ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሁሉም የኛ ነው። ውጭ መተከል የነበረበት የእድሩ ድንኳን ከነካስማው ቤት ውስጥ ገባ። የርብቃ አክስቶች በየመሳቢያው ተቀመጡ፤ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ላይ መሳቢያው ይዘጋል። አጎቴ ስንሻው አልጋው ላይ ተቀምጦ ሊመርቅ እጁን ሲዘረጋ አልጋው ብድግ ብሎ ግድግዳው ውስጥ ገባ። አጎቴ ግን ምርቃቱን አላቋረጠም።

«ውለዱ ክበዱ!» ይላል ከግድግዳው ውስጥ።

«አሜን!» እንላለን።

«ቤታችሁ ይስፋ!»

«አሜን!»

በመጨረሻ እናቴ መጣች። ዘንቢሏን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። «ለኔ አትጨነቁ፤ ጥግ ላይ እሆናለሁ» አለች። ጥግ ግን አልነበረም። ጥጉን ሁሉ ቁምሳጥን አድርጌዋለሁ። እናቴ ዘንቢሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች ዝናብ ላይ ቆማ ቀረች፤ አላማረረችም። እሷ ባለማማረሯ አለቀስኩ።

ትንሿ ቤት ግን ማልቀሷን አቁማ ነበር። ከኪሴ እርሳሴን አወጣች፤ ከቀበቶዬ ላይ ሜትሬን ፈታች።

«እንግዲህ ተራው የኔ ነው» አለች። «አንተን ልንደፍህ።»

ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ለካችኝ። «ጉልበቱ ይታጠፋል፤ ጥሩ ነው። ሆዱ ውስጥ ያላገለገለ ቦታ አለ፤ መሳቢያ ይሁን። ሁለት ጆሮ ምን ያደርግለታል? ሳቁ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ይነሣ። የልጅነት ትዝታው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚያስፈልገው፤ ጣሪያ ላይ ይሰቀል።» የምትናገረው በእኔ ድምፅ ነበር። ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለ ቦታ ቁጠባ የተናገርኩትን አንድ ቃል ሳታስቀር ነው የምትለው። ያን ቀን ተጨብጭቦልኛል።

እግሬን አጠፈችው፤ ከዚያ ወገቤን፤ ከዚያ አንገቴን። አጣጥፋ ግድግዳዋ ላይ ሰካችኝ። ከዚያ ግራና ቀኝ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አሁንም አልበቃም። ለእንግዳ ቦታ እንዲኖረኝ ከሁለታችሁ አንዳችሁ መውጣት አለባችሁ። እሱ ይውጣ ወይስ እሷ?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ርብቃ እኔን አየችኝ፤ በሩ ላይ ዝናብ የሚመታትን እናቴን አየች።

«እኔ ልውጣ» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ ይግቡ። ብርድ ላይ ናቸው።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ሰዉን በትከሻዋ እየከፈለች፣ «ይቅርታ፣ አንዴ ላሳልፋችሁ» እያለች ወደ በሩ ሄደች። ልጠራት ፈለግኩ፤ አንገቴ ታጥፏል። ልከተላት ፈለግኩ፤ እግሬ መሳቢያ ውስጥ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቤት አገኘሁ ብዬ ርብቃን ላጣ ነው። ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ ጮኽኩ።

«ማንም አይወጣም!»

«ታዲያ ምን ይውጣ?» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ።

«ግድግዳው! ግድግዳው ይውጣ!»

«እኔ?» አለ ግድግዳው። «እኔ ምን አጠፋሁ? ደግሞስ ፈቃድ አለህ?»

«ከአንተ ወዲያ ማን አለ?»

«ጎረቤት ነዋ። እሱም እንዳንተ እንግዳ በዝቶበት ተጣቦ ተቀምጧል።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል መሐላችን! ውጣ!»

አልወጣም አለኝ። በእጄ ገፋሁት። አልሆነም። የታጠፈ እግሬን ከመሳቢያው መዝዤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥኩት። አንዴ ረገጥኩት፤ አጎቴ ከውስጥ «አሜን!» አለ። ደግሜ ረገጥኩት፤ ግድግዳው ጓ አለና ነቃሁ።

ዓይኔን ስገልጥ አቧራ ብቻ ነው የሚታየኝ። እግሬ በአየር ላይ ነው። የኔን ክፍል ከጎረቤቴ ክፍል የሚለየው ቺፕውድ ነበር፤ እትዬ አሰገደች አንዱን ክፍል ለሁለት ለማከራየት ያስመቱት። እሱ ቺፕውድ ከነምስማሩ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

አቧራው ሲገፈፍ ብዙ ሰው ተቀምጦ ያየኛል። ጎረቤቴ ይድነቃቸው የገንፎ ሳህን እንደያዘ ቆሟል። ሚስቱ ሰብለ ሰሞኑን ነው የተገላገለችው፤ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋዋ ላይ ናት። እሷን ሊጠይቅ የመጣው ዘመድ፣ አልጋው ላይም፣ ከአልጋው ሥርም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ተቀምጧል። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት አልፏል። እኔ በውስጥ ሱሪ ነኝ።

አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ የሰብለ አክስት ናቸው አሉ፣ ከሰው መሐል ሁለት እግራቸውን ቀስ አድርገው ወደ እኔ ክፍል ዘረጉ።

«ተመስገን ጌታዬ» አሉ። «አሁን ገና እግሬን ዘረጋሁ።»

የተቆጣኝ ሰው የለም። ይድነቃቸው «ደህና አደርክ ኢዮስ?» ብሎኝ የወደቀው ቺፕውድ ላይ ጋቢ አነጠፈበት፤ ቆመው የነበሩት መጥተው ተቀመጡበት። እኔም ብርድ ልብሴን ተጠቅልዬ ለሰብለ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። ምን ልበል ሌላ? ገንፎው ቅቤው መሐሉ ላይ እንደቀለጠ እኔ ዘንድ ደረሰ። አንድ ጊዜ ጎርሼ ሁለተኛውን ሳነሣ በሬ ተንኳኳ።

ርብቃና አቶ ደምሰው ነበሩ።

አቶ ደምሰው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ርብቃ ፀጉሬ ላይ ያለውን አቧራና የለበስኩትን ብርድ ልብስ አይታ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ «አባቴ፣ ላስረዳዎት፣ ይኼ ግድግዳ...» ብዬ ስጀምር የሰብለ አክስት ቀደሙኝ።

«ግቡ፣ ግቡ! ምን በር ላይ ያስቆማችኋል፤ ቦታ ሞልቷል!» አሉና ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብለው አቶ ደምሰው እጅ ላይ አስቀመጡት። «አንዴ ያዝልኝማ ወንድሜ፤ ማንኪያ ልፈልግልህ።»

አቶ ደምሰው ሕፃኑን ይዘው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሕፃኑ ከረባታቸውን ያዘ። ማንኪያው መጣ፤ ገንፎው ቀረበ፤ ከግራም ከቀኝም «ብሉ እንጂ፣ አልበሉም እኮ» ተባሉ። የማያውቁት ሰው ሁሉ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ትውልድ አገራቸው ጠየቃቸው። እሳቸውም ሁሉንም መለሱ፤ እንዲህ ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም። ቆይተው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ክፍሉን ቀስ ብለው አዩት።

«እኔስ፣ ርብቃ አንድ ጠባብ ክፍል ነው ስትለኝ እየፈራሁ ነበር የመጣሁት» አሉኝ ሕፃኑን እያወዛወዙ። «ቤትህ እኮ ሰፊ ነው፤ ሰውም አለህ። ሽማግሌህን ላክ፣ ልጄ።»

ርብቃ እጄን ያዘችኝ። እትዬ አሰገደች በሩ ላይ ቆመው ግድግዳቸውን በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር።